ዚፕ ከልብስ አልተወለደም፦ ስለ አንድ ቃል አመጣጥ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ዚፕ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል አመጣጥና ትርጉሞች የሚተርክ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይቼ አነበብሁት። ርእሰ ጉዳዩ የሚናቅ አይደለም፤ ጠዋት ሱሪ ከመልበስ አንሥቶ ማታ ሻንጣ እስከ መዝጋት ድረስ ከእጃችን የማይለይ ዕቃ በመሆኑ ታሪኩን ማወቅ ተገቢ ነው። የጸሐፊው አማርኛም ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ጽሑፉ የቆመባቸው ነጥቦች ላይ ሲሆን፣ ነጥቦቹ አንዱ በሌላው ላይ የተገነቡ ስለሆኑ የመጀመሪያው ሲነቃነቅ ተከታዮቹም አብረው ይነቃነቃሉ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ይዘቱን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ዛሬ የምንጠቀምበትን ዚፕ በ1893 የፈለሰፈውም ስሙን ያወጣለትም ዊትኮም ጀድሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። «ዚፕ» በእንግሊዝኛ ጥንቱኑ «ግጥም አድርጎ መዝጋት» ማለት ስለነበረ፣ ሌሎቹ ትርጉሞች፣ ማለትም ፍጥነት፣ ዜሮ፣ የአሜሪካ የፖስታ ኮድና የኮምፒዩተሩ ዚፕ ፋይል፣ ሁሉም ከዚሁ ከመዝጋት የተቀዱ ናቸው። ዓለም በሙሉ ዕቃውን በዚህ ስም ይጠራዋል፤ ወደ አማርኛ የገባው በጣሊያንኛ በኩል ነው፤ በብዙ ዚፖች ራስ ላይ የሚታዩት ሦስት የላቲን ፊደላት ደግሞ የጀድሰንን የፈጠራ መብት የገዛ የጃፓን ኩባንያ ምልክት ናቸው። በመጨረሻም ቃሉ ባዕድ ነውና «መዝጊያ» በሚል ቃል ይተካ ይላሉ። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ስለ ጀድሰን የተጻፈው ግማሹ እውነት ነው። ጀድሰን በቺካጎ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር፤ ኦገስት 29 ቀን 1893 ሁለት የፈጠራ መብቶች ተሰጥተውታል፤ በዚያው ዓመት በከተማው በተካሄደው የዓለም ትርኢት ላይ ዕቃውን አቅርቦ ያገኘው ትኩረት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ሥራው የጫማ ማሰሪያ ነው። በግራና በቀኝ የተደረደሩ መንጠቆዎችና ቀለበቶች ነበሩት፤ ከታች ወደ ላይ የሚሳብ አንድ መሪ ብረት እየተንሸራተተ እያንዳንዱን መንጠቆ ከአቻው ጋር ያገናኘዋል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ተንሸራታች ብረት ሁለት ረድፎችን በአንድ ጉተታ ሲያገናኝ በተግባር ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነውና። ጀድሰን ግን ዕቃውን «ክላስፕ ሎከር» ብሎ ጠራው እንጂ ዚፕ አላለውም።

ጀድሰንና ደጋፊው ሉዊስ ዎከር የተባሉት ጠበቃ ኩባንያ አቋቁመው ለዓመታት ደክመዋል። በ1905 አካባቢ ለቀሚስና ለሱሪ ብለው ገበያ ላይ ያዋሉትን ምርት «ሲ-ኪዩሪቲ» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ «አስተማማኝ» የሚል መልእክት እንዲኖረው ነው። ነገር ግን ዕቃው በድንገት ይከፈት ነበር። አስተማማኝ የተባለ የቀሚስ ማያያዣ በአደባባይ ሲከፈት ለባሹ ላይ የሚደርሰውን ማሰብ ነው፤ ገዢም የሸሸው ለዚህ ነው። ጀድሰን በ1909 ሞተ። ዕቃውን «ዚፐር» ብሎ የጠራ ሰው የተገኘው ደግሞ በ1923 ነው። ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ የመጣን ስም ጀድሰን አወጣው ማለት አይቻልም፤ በዚህ ላይ ሌላ ማስረጃ መደርደር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ጭራሽ ያልጠቀሷቸው ሁለት ሰዎችም አሉ። አንደኛው በልብስ ስፌት መኪና ስሙ የታወቀው ኤልያስ ሃው ነው። ሃው ከጀድሰን 42 ዓመት ቀድሞ፣ በ1851፣ ቀጣይነት ያለው የልብስ መዝጊያ በሚል የፈጠራ መብት አውጥቷል፤ ሆኖም የስፌት መኪናው ሥራ ስለያዘው ወደ ገበያ ሳያወጣው ቀረ። ስለዚህ «የመጀመሪያው» የሚለውን ማዕረግ ለጀድሰን ለመስጠት የቸኮለ ሰው ቢያንስ ሃውን ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው ጌዲዮን ሰንድባክ ነው፤ ዛሬ ጃኬታችን ላይ ያለው ዚፕ የእርሱ ነው። ሰንድባክ በ1880 በስዊድን ስሞላንድ በተባለ አውራጃ ተወልዶ በ1905 ወደ አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ሲሆን፣ በፒትስበርግ ዌስቲንግሃውስ በተባለ ኩባንያ ጥቂት ከሠራ በኋላ በ1906 በሆቦከን ከተማ ወደነበረው ወደ እነ ጀድሰን ኩባንያ ተዛወረ። የጀድሰንን መንጠቆ ሲያሻሽል ቆይቶ በመጨረሻ መንጠቆውን ራሱን ጣለው። በ1913 የደረሰበት ንድፍ «ሁክለስ»፣ ማለትም «መንጠቆ የለሽ»፣ ቁጥር 2 ተባለ፤ የፈጠራ መብቱም ማርች 20 ቀን 1917 ጸደቀለት። ጸሐፊው «ጥርሶቹ እንደ መንጠቆ እርስ በርስ ይያያዛሉ» ሲሉ የሚገልጹት የጀድሰንን ዕቃ እንጂ ዛሬ የለበሱትን አይደለም።

ይህን ለማየት አንድ የብረት ዚፕ ከፍቶ ጥርሱን በቅርብ መመልከት ይበቃል። የሁለቱም ረድፍ ጥርሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ወንድ ሌላው ሴት አይደለም። እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ገጹ ትንሽ እብጠት፣ በሌላው ገጹ እብጠቷን የሚያስተናግድ ጎድጓዳ አለው። ሁለቱ ረድፎች በግማሽ ጥርስ ያህል ተዛንፈው ስለተሰፉ የአንዱ እብጠት ከፊቱ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ጥርስ ወደ ጎን ሲሳብ የማይወጣው እብጠቷ ስለምትይዘው ነው፤ ሊወጣ የሚችለው ጨርቁ ሲታጠፍና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ብቻ ነው። ተንሸራታቹ ራስ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በውስጡ ከላይ ሁለት ሆኖ ገብቶ ከታች አንድ የሚሆን መተላለፊያ አለው፤ ወደ ላይ ሲጎተት ሁለቱን ረድፎች ከየአቅጣጫው አምጥቶ ያቃርባቸዋል፣ ወደ ታች ሲሳብ ደግሞ መካከል ላይ ያለችው ሽብልቅ ትለያያቸዋለች። ሰንድባክ የጥርሶቹን ብዛት በአንድ ኢንች ከ4 ወደ 10 ገደማ ማሳደጉም ለጥንካሬው ወሳኝ ነበር።

ዚፕ አልዘጋ ሲል ልብስ ሰፊዎች የሚያደርጉትም ለዚህ ምስክር ነው። ጥርሶቹ ሙሉ ሆነው ሳለ ተንሸራታቹ ራስ አልፎ ሲሄድ ከኋላው ዚፑ የሚከፈት ከሆነ፣ ያረጀው ጥርሱ አይደለም፤ የተንሸራታቹ ሁለት ከንፈሮች ተላቀው ጥርሶቹን አጥብቀው መግፋት አቅቷቸዋል። ስለዚህ ባለሙያው ፒንሳውን አንሥቶ የተንሸራታቹን ግራና ቀኝ ጠርዝ በጥንቃቄ ይጫነዋል፤ ብዙ ጊዜም ዚፑ እንደ አዲስ ይሠራል። በመንጠቆ የሚሠራ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥገና ፋይዳ አይኖረውም ነበር።

ሰንድባክ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሚያመርተውን ማሽንም ነድፏል፤ ማሽኑ ልዩ ቅርጽ ያለውን ሽቦ እየቆረጠ፣ እያጎደጎደና በጨርቅ ጠርዝ ላይ እየቆነጠጠ ጥርስ በጥርስ ይደረድረዋል። ያለዚህ ማሽን ዚፕ የጥቂት ሰዎች ቅንጦት ሆኖ ይቀር ነበር። ኩባንያው በ1913 ወደ ሚድቪል፣ ፔንሲልቬንያ ተዛወረ፤ የመጀመሪያ ደንበኞቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የመርከበኞች የገንዘብ ቀበቶ የሚሠሩና በኋላም የትምባሆ ከረጢት የሚያመርቱ ነበሩ። የፋሽን ዓለም ገና አልደረሰበትም። እነዚህ ሁሉ ዓመታት ሲያልፉ ዕቃው «ዚፕ» ተብሎ አያውቅም።

ስሙ የመጣው ከላስቲክ ነጋዴዎች ነው። በአክረን፣ ኦሃዮ የነበረው ጉድሪች የተባለ የላስቲክ ኩባንያ ከጫማ በላይ የሚደረብ፣ ከዝናብና ከበረዶ የሚከላከል ቦት ያመርት ነበር። በ1923 ለዚህ ቦት የሰንድባክን ማያያዣ መጠቀም ጀመረ። እንደሚተረከው የኩባንያው ፕሬዚዳንት በርትራም ወርክ ቦቱ በአንድ ጉተታ ሲዘጋ የሚያሰማውንና የሚያሳየውን እንቅስቃሴ የሚገልጽ ስም ፈልገው «ዚፐር» አሉት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ «ዚፐር» የቦቱ ስም እንጂ የማያያዣው ስም አልነበረም። ጉድሪች ስሙን በ1925 በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ሕዝቡ ግን ቦቱንና ማያያዣውን ሳይለይ ሁሉንም ዚፐር ማለት ጀመረ፤ ኩባንያው ስሙን ለማስጠበቅ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም በ1930 የተፈረደለት በቦት ላይ ብቻ እንዲጠቀምበት የሚያስችል ውስን መብት ነው። ማያያዣውን በእርግጥ የሚሠራው የሚድቪሉ ኩባንያ «ታሎን» የሚለውን ምልክት ይዞ ቀጠለ፤ በ1937 የኩባንያውንም ስም በዚሁ ለወጠ። የቃሉ አባት ልብስ ሰሪ አይደለም፤ ፈልሳፊም አይደለም፤ ቦት ሻጭ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም «ዚፕ ጥንቱኑ መዝጋት ማለት ነው» ወደሚለው ነጥብ እንምጣ። ጽሑፉ ከሁሉ የበለጠ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ዚፕ» የተባለው ቃል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ከ1850ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በጽሑፍ ይገኛል። ያን ጊዜ ድምፅ ነበር፤ ጥይት በአየር ውስጥ ሲያልፍ፣ ጨርቅ ሲተረተር የሚሰማ ድምፅ። ከድምፁም ድምፁን የሚያሰማው ነገር ፍጥነት ተወለደና «ዚፕ» ማለት በፍጥነት ማለፍ ሆነ። ከዚያም ብርታትና ንቃት የሚል ትርጉም ተጨመረበት። መዝጋት በዚያን ጊዜ ትርጉሞቹ ውስጥ የለም። «በዚፕ መዝጋት» የሚለው ግስ በጽሑፍ የሚታየው ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ እርሱም ዚፐር ከተባለው ዕቃ ተመልሶ የተወሰደ ነው። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ድምፅ፣ ፍጥነት፣ ቦት፣ ማያያዣ፣ በመጨረሻም መዝጋት ነው። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ የመጣውን መጀመሪያ አድርገውታል።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። አማርኛ ድምፅን ወደ ድርጊት የሚለውጥበት መንገድ እጅግ ሀብታም ነው። «ጥይቱ በጆሮው ሥር ሽው ብሎ አለፈ» ስንል «ሽው» ድምፁም ነው፣ ፍጥነቱም ነው፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቀጭ፣ ጠቅ፣ ውልብ፣ ብልጭ የምንላቸው ሁሉ «አለ» ወይም «አደረገ» ሲጨመርባቸው ሙሉ ድርጊት ይሆናሉ። የኮምፒዩተርን ማውዝ «ጠቅ አድርግ» ማለት ከጀመርን ቆይተናል፤ «ጠቅ» ጥንቱን ማውዝን ለማመልከት የተፈጠረ ነው የሚል ሰው ግን የለም። የእንግሊዝኛው «ዚፕ» በትክክል የዚህ ዓይነት ቃል ነው።

የዜሮው ትርጉም ደግሞ የጸሐፊውን መላ ምት ለብቻው ያፈርሰዋል። አሜሪካውያን ተማሪዎች በፈተና ዜሮ ሲያገኙ «ዚፕ» አገኘሁ ማለት የጀመሩት በ1900 አካባቢ ነው። ሰንድባክ ያን ጊዜ ገና አሜሪካ አልገባም፤ የጉድሪች ቦትም 23 ዓመት ይቀረዋል። «ባዶ ኪስ በዚፕ ተዘግቶ ስለሚቀር» የሚለው የጽሑፉ ማብራሪያ ማራኪ ቢሆንም፣ ኪስ ላይ ዚፕ ባልነበረበት ዘመን ከኪስ ዚፕ የመጣ ትርጉም ሊኖር አይችልም።

ስለ ፖስታ ኮዱ የተባለው ሌላ ዓይነት ስሕተት ነው። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ የዲቪ ሎተሪ ፎርም ሲሞላ ላየም ሰው ዚፕ ኮድ የሚባለው ሣጥን እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ፎርሙን የሚሞላ ሰው ደብዳቤው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለሚደርሰው ሣጥኑ ላይ ሲደርስ ግራ መጋባቱ የተለመደ ነው። ጸሐፊው «ከተሞችን እንደ ዚፕ ጥርስ ስለሚያያይዝ» ነው ይሉናል። እውነቱ ግን፣ ስሙ የሦስት ቃላት መነሻ ፊደላት ነው፤ «ዞን ኢምፕሩቭመንት ፕላን»፣ ማለትም የዞኖች ማሻሻያ ዕቅድ። ዞኖቹም ከየት መጡ ቢባል፣ ከ1943 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች ሥራ ላይ የነበሩ የፖስታ ዞኖች ናቸው። ጁላይ 1 ቀን 1963 እነዚያ ዞኖች አገሪቱን በሙሉ ወደሚሸፍን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር አደጉ፤ በ1983 ደግሞ አራት አኃዞች ተጨመሩ።

ቁጥሩ ምንም የሚገጣጠም ነገር እንደሌለው ለማየት ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባትን የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግ ብንወስድ አንዱ ኮዷ 20910 ነው። የመጀመሪያው 2 ዋሽንግተን ዲሲን፣ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና አጎራባቾቻቸውን የያዘውን ሰፊ ክፍል ያመለክታል፤ 209 የሲልቨር ስፕሪንግን የደብዳቤ መለያ ማዕከል፤ 10 ደግሞ በዚያ ሥር ያለውን የማደያ ክልል። ከሰፊ ወደ ጠባብ የሚወርድ አድራሻ ነው። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ፊደላቱ «ዚፕ» ሆነው መገጣጠማቸው ደስ ያሰኛቸው ፍጥነትን ስለሚያስታውስ ነው። ማስታወቂያውም ይህንኑ ያሳያል፤ «ሚስተር ዚፕ» የተባለው የካርቱን ፖስተኛ ቦርሳውን አንግቶ ሲሮጥ የሚታይ ነው። ልብሱን ሲዘጋ አይታይም።

የኮምፒዩተሩ ዚፕ ፋይል ላይ ግን ትንሽ ልዘገይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የጸሐፊው ስሕተት የብዙዎቻችን ስሕተት ስለሆነና ተግባራዊ መዘዝም ስላለው። ጽሑፉ «ፋይሉ በቦርሳ ውስጥ ተደርጎ ስለሚዘጋና ስለሚቆለፍ ዚፕ ተባለ» ይላል። የዚፕ ፋይልን አሠራር በ1989 ያወጣው በሚልዋኪ፣ ዊስኮንሲን ይኖር የነበረው ፊል ካትስ ነው። ያን ጊዜ ፋይል የሚያጨምቁ ሌሎች ፕሮግራሞች ነበሩ፤ የካትስ ፕሮግራም ከእነርሱ ይፈጥናል ለማለት «ዚፕ» የሚለውን ስም ያቀረበለት አንድ ወዳጁ ነው። እንደገና ፍጥነት! የ1850ዎቹ ጥይት ድምፅ በኮምፒዩተር ዘመን ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ታዲያ ቦርሳው ከየት መጣ? ከሥዕሉ ነው። ዊንዶውስ የተጨመቀን ፎልደር ዚፕ በተሰፋበት ቢጫ ማኅደር አምሳል ስለሚያሳየን፣ ዓይናችን የለመደው ሥዕል የቃሉ ምንጭ መስሎን ቀረ። ሥዕሉ ግን ከስሙ ዓመታት ዘግይቶ የመጣ የቃላት ጨዋታ ነው። ዚፕ ፋይል ውስጥ የሚካሄደው ነገርም ከመዝጋት ጋር አይገናኝም። በሰፊው የሚሠራበት የማጨመቂያ ስልት አብርሃም ሌምፔልና ያኮብ ዚቭ የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን ሊቃውንት በ1977 ባወጡት ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ቀድሞ የታየ የፊደል ሰንሰለት እንደገና ሲመጣ ሰንሰለቱን ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ «ይህን ያህል ወደ ኋላ ተመልሰህ ይህን ያህል ፊደል ቅዳ» የሚል አጭር ትእዛዝ ይተካበታል። ስለዚህ ድግግሞሽ የበዛበት ጽሑፍ እጅግ ያንሳል፤ በሞባይል የተነሣ ፎቶ ግን አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፕ ቢደረግም መጠኑ ብዙም አይቀንስም። ዚፕ ተደረገ ማለት ደግሞ ተቆለፈ ማለት አይደለም። የይለፍ ቃል ካልተጨመረበት በስተቀር ዚፕ ፋይልን ማንም ይከፍተዋል፤ ምሥጢራዊ ሰነድን «ዚፕ አድርጌዋለሁ» ብሎ ተማምኖ የሚልክ ሰው የተሳሳተው በዚሁ የቦርሳ ምሳሌ ነው።

«ዓለም በሙሉ ዚፕ ይለዋል» የሚለው ነጥብ በቀላሉ የሚመለስ ነው፤ ደስ የሚያሰኝም ነው። እንግሊዝኛን የሚናገሩት ራሳቸው አልተስማሙም፤ አሜሪካውያን ዚፐር፣ ብሪታንያውያን ዚፕ ይሉታል። ፈረንሳዮች «ፈርመቲር ኤክሌር»፣ ማለትም የመብረቅ መዝጊያ ይሉታል፤ ሩሲያውያን በቀጥታ «ሞልኒያ»፣ መብረቅ። ጀርመኖች መቀደድን ከሚያመለክት ግስ «ራይስፈርሽሉስ» ብለውታል። የሰንድባክ የትውልድ ቋንቋ የሆነው ስዊድንኛም «ብሊክስትሎስ»፣ የመብረቅ ቁልፍ፣ ይለዋል፤ የዕቃው እውነተኛ ፈጣሪ እናቱ በሰጠችው ቋንቋ ዚፕ የሚል ቃል አልነበረውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እኅቶቻችን የሚሰሙት «ሰሓብ» መሳብ ከሚለው የዐረብኛ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ ከግእዙ «ሰሐበ»ና ከአማርኛችን «ሳበ» ጋር ዝምድና አለው። በእስራኤል ደግሞ የመዝገበ ቃላቱ ስም «ሮኽሳን» ነው፤ ሥሩ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 የሊቀ ካህናቱ የደረት ልብስ ስለሚታሰርበት ነገር የተነገረው ግስ ነው። መንገድ ላይ ግን ብዙ ሰው «ሪችራች» ይለዋል፤ ይህም እንደ ዚፕ ሁሉ ድምፅ ነው። ስሞቹን በሙሉ ብናያቸው አብዛኞቹ ድምፅን፣ ፍጥነትን ወይም መሳብን ይዘው የተሠሩ ናቸው።

በጣሊያንኛ በኩል መጣ የተባለውን በተመለከተ ጸሐፊው የተነሡበት ምክንያት ይገባኛል። ጋራዥ ገብቶ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ ሲባል የሰማ ሰው ብረት የነካው ቃል ሁሉ ከጣሊያን የመጣ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ አራቱም በእርግጥ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ዚፕን ግን ጣሊያኖች በራሳቸው ቋንቋ «ቸርኒየራ ላምፖ» ይሉታል፤ «ላምፖ» መብረቅ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን «ዚፕ» የሚሉት ራሳቸው ከእንግሊዝኛ ተውሰው ነው። የአማርኛው አጠራር ከአሜሪካው «ዚፐር» ይልቅ ከብሪታንያው አጭር «ዚፕ» ጋር አንድ ነው። ወደኛ ያደረሰው ነጋዴ ማንም ይሁን ማን ቃሉ እንግሊዝኛ ነው።

የጃፓኑ ነጥብ ሒሳብ ብቻ ይፈልጋል። ዋይ ኬ ኬ የሚሉት ፊደላት የዮሺዳ ኮግዮ ካቡሺኪካይሻ ምህጻር ናቸው፤ ታዳኦ ዮሺዳ ድርጅቱን በቶኪዮ የመሠረተው በ1934 ነው። በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ የፈጠራ መብት የሚጸናው ለ17 ዓመት ስለነበረ የጀድሰን መብት በ1910 አብቅቷል፤ ከ24 ዓመት በፊት የሞተን መብት የሚገዛ ነጋዴ የለም። የሰንድባክ የ1917 መብት እንኳ የሚያበቃው በዚያው በ1934 ነው። በነገራችን ላይ ጃፓኖችም ዕቃውን ብዙ ጊዜ «ቻኩ» ይሉታል፤ «ኪንቻኩ» ከሚባለው በክር እየተሳበ ከሚዘጋ የገንዘብ ከረጢት የተወሰደ ነው።

የቀረው «መዝጊያ» የሚለው የምትክ ቃል ነው። ለባዕድ ቃል ምትክ መፈለግን አልቃወምም፤ ነገር ግን ምትኩ የቀረበው ዚፕ መዝጋት ማለት ነው ከሚለው መነሻ ስለሆነ ከመነሻው ጋር አብሮ ይወድቃል። በዚያም ላይ መዝጊያ በአማርኛ የቤት በር መዝጊያ ሆኖ ከቆየ ዘመናት አልፈዋል። «ቁልፍ» እንኳ የበሩን፣ የሸሚዙንና የኮምፒዩተሩን ኪቦርድ ደርቦ ተሸክሞ ብዙ ጊዜ ግራ ሲያጋባ እናያለን። መርካቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ «የሱሪዬን መዝጊያ ቀይርልኝ» የሚል ደንበኛ ቁልፉን ይሁን መንጠቆውን ይሁን ዘለበቱን የጠየቀው ስለማይታወቅ፣ ልብስ ሰፊው መርፌውን ከማንሣቱ በፊት «ዚፑን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።